እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ተራራ

ባለፈው ሳምንት በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ ብዙም በማይርቅ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለን፣ የጎረቤቶቻችን ወግ ሳንፈልገው ከጆሮአችን ገባ። ከአንድ ሽማግሌ ጋራ የተቀመጠው የእኅታቸው ልጅ፣ አጠና የሚጭኑት መኪናዎች ጩኸት አንገሽግሾት፣ በተራራ ላይ ወዳለች፣ ሠዓሊና አዝማሪ ወደማይጠፋባት፣ ሰው ሁሉን ነገር በእግሩ ሄዶ ወደሚያገኝባት ትንሽ ከተማ ሄዶ ለመኖር ማሰቡን ለአጎቱ ያስረዳል። ሽማግሌው በበኩላቸው በመስኮቱ በኩል የወጨጫን ተራራ እያመለከቱ፣ ተራራ ከሆነ እዚሁም መኖሩን ይነግሩታል። እኛም ክርክሩ ደስ ስላሰኘን ሳንጠራ ገብተን፣ እንዲህ ባለች ከተማ መኖርን የመረጡ፣ ደስታዋንም መከራዋንም እስከ መጨረሻው የቀመሱ የአንዲት እመቤት ታሪክ አወጋናቸው። ለአንባቢዎቻችንም ደስ የሚያሰኝ ስለ መሰለን ዛሬ በዚህ ገጽ እናቀርበዋለን።

ከተማዪቱ ጎንደር ናት፤ እመቤቲቱም እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።

ጎንደር ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸው ካደረጓት በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ ከድንኳን ወደ ድንኳን ሲዘዋወሩ ይኖሩ ስለ ነበር፣ አገር ለአገር የሚዞረውን ሰፈር የሚከተል ጥበበኛ ቤት ሠርቶ ደቀ መዝሙር ሊያስተምር አይመቸውም ነበር። ቤተ መንግሥቱ በጎንደር ሲረጋ ግን ሠዓሊው፣ ቁም ጸሐፊው፣ ብራና ፋቂው፣ አንጥረኛውና ሸማኔው አብረው ረጉ። ድጓው፣ ቅኔው፣ አቋቋሙ በየደብሩ ወንበር ተዘረጋለት። ከአንዱ ደብር የተነሣ ተማሪ ከሌላው ለመድረስ የግማሽ ሰዓት መንገድ እንኳ አያስፈልገውም ነበር። የከተማዪቱ ልዩ ጣዕም ከዚህ የመጣ ነው እንላለን።

እቴጌ ምንትዋብ የተወለዱት በዚያች ከተማ አይደለም፤ አገራቸው በስተምዕራብ የሚገኘው ቋራ ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ሲሆን፣ በዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ይባላሉ። ምንትዋብ የተባሉት ስለ መልካቸው ማማር እንደ ሆነ ይነገራል። ከ1713 እስከ 1723 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሸሽገው አገር ለአገር ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመሙና፣ ያስታመመቻቸውን የባለቤቱን ልጅ ኋላ ልከው አስመጥተው አገቧት የሚለው ተረክ እስከ ዛሬ በጎንደር ይወራል። ተረክ መሆኑን ሳንረሳ፣ ለእንዲህ ያለ ሕይወት የሚገባ መጀመሪያ ነው ብለን አለፍነው።

ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበሩ፣ እናቲቱ ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋራ መንግሥቱን ያዙ። ሁለት ዓመት እንኳ በወጉ ሳይቆዩ፣ በ1725 ዓ.ም. ዐመፀኞች ተነሥተው እናትና ልጅን በግቢያቸው ውስጥ ከበቧቸው። ጠባብ ከተማ በሰላም ጊዜ እንደ ቤት ሙቀት ይሰጣል፤ በጠብ ጊዜ ግን ጠላት ከአጥሩ ማዶ ነው፤ ድምፁ ሳይቀር ይሰማል። እቴጌዪቱ የወንድሞቻቸውና የቋራ ወገኖቻቸው ኃይል ተጨምሮላቸው ከዚያ ጭንቅ ወጡ። ከወንድሞቻቸውም ወልደ ልዑል በኋላ ራስ ሆነው እስኪሞቱ ድረስ የመንግሥቱ ምሰሶ ነበሩ።

ከቤተ መንግሥቱ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ቀሃን ተሻግሮ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲኬድ፣ በተራራው ጥግ ላይ ከፍ ያለ ቦታ አለ። እቴጌዪቱ መኖሪያቸውን ያደረጉት እዚህ ነው። በዋናው ግቢ ውስጥም በስማቸው የሚጠራ ባለ ፎቅ ሕንፃ እያላቸው፣ ልባቸው ያዘነበለው ወደ ተራራው ነበር። በዚያም ደብረ ፀሐይ ቁስቋም የተባለውን ቤተ ክርስቲያን አስተከሉ፤ ከአጠገቡም አዳራሽና የመኖሪያ ቤት በድንጋይና በኖራ አሠርተው፣ በግንቡ ላይ ቀላ ካለ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎችን አሰኩበት። ግንቡ ዛሬ ጣሪያ ባይኖረውም መስቀሎቹ አሁንም ይታያሉ።

ስሙን ልብ ይሏል። ቁስቋም በግብፅ አገር፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ያረፈችበት ተራራ ነው። ሕፃን ልጃቸውን ይዘው በገዛ ቤታቸው የተከበቡ እናት ለማረፊያቸው ይህን ስም መምረጣቸው እንዲያው የሆነ አይመስለንም። ቦታውም እንደ ስሙ ነው፤ ከከተማዪቱ የሚጎሰመው ነጋሪት ይደርሰዋል፣ የገበያው አቧራ ግን አይደርሰውም።

በእቴጌዪቱ ዘመን የጎንደር ሥዕል መልኩን ለወጠ። የቀድሞው ሥዕል ቀለሙ ደማቅ፣ መስመሩ ግልጽ ሆኖ፣ መደቡ አንድ ወጥ ነበር። አሁን ግን ሠዓሊዎቹ ፊትን በጥላና በብርሃን እያለሰለሱ ጉንጭን ጉንጭ አስመሰሉት፤ መደቡም ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ የሚሸጋገር ሆነ፤ የቅዱሳኑም ልብስ በዚያን ጊዜ በቤተ መንግሥት ይለበስ እንደ ነበረው የባሕር ማዶ ጨርቅ በአበባ ተጌጠ። ይህን ሊቃውንት ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ይሉታል። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ላይ እቴጌዪቱ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን የጎበኘ ሰው፣ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ በክብር ልብሳቸው ተዘርግተው የሚማጸኑትን ሴት አይቶ ይሆናል፤ ራሳቸው ምንትዋብ ናቸው። ባለጸጋ ሲያሠራ ራሱን ማሣሉ የተለመደ ነው፤ የእኚህ እመቤት ግን ከሁሉ ዝቅ ብለው መሣላቸው ደስ አሰኝቶናል። (ልብሱ ግን ከሁሉ ያማረ ነው፤ ይህንንም አንሸሽግም።)

ልጃቸው ዐፄ ኢያሱም ካደጉ በኋላ የእናታቸውን ፍቅር ወረሱ። ከግሪክ አገር የመጡ ጥበበኞች ይዘው፣ አዳራሻቸውን በዝሆን ጥርስና በመስተዋት አስጌጡ። ጦረኞች ግን ንጉሡ ከዘመቻ ይልቅ ለጌጥ ያደላሉ እያሉ ያሟቸው ነበር። ሐሜት በጎንደር ከውሃ ይልቅ በፍጥነት ይወርድ ነበር፤ እቴጌዪቱ ከባላቸው ሞት በኋላ ከንጉሥ ዘር ከሆነ ኢያሱ ከሚባል ወጣት ሦስት ሴቶች ልጆች በወለዱ ጊዜም፣ ሰውዬውን ምልምል እያሱ ብሎ ስም ያወጣለት ይኸው የከተማዪቱ ምላስ ነው።

ዐፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሞቱ። እቴጌዪቱም ለልጅ ልጃቸው ለኢዮአስ እንደገና ሞግዚት ሆኑ። ነገር ግን የኢዮአስ እናት ውቢት ከወሎ ኦሮሞ ባላባት ወገን ነበሩና እርሳቸውም በልጄ መንግሥት ድርሻ አለኝ አሉ። አንዱ የቋራ፣ አንዱ የወሎ ወገን ሆኖ ከተማዪቱ ለሁለት ተከፈለች። ራስ ወልደ ልዑልም ከሞቱ በኋላ አስታራቂ ጠፋ። ነገሩን ያበርዱልናል ተብለው ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑል ከማንም በላይ ሆነው ተገኙ፤ በ1761 ዓ.ም. ንጉሥ ኢዮአስን አስገደሉ። ከዚያ በኋላ ዘመነ መሳፍንት ተባለ። አሮጊቷ እቴጌ የልጅ ልጃቸውን ከአባቱ አጠገብ በቁስቋም ቀብረው፣ ከከተማዪቱ ነገር ፊታቸውን መለሱ።

በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰው የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ ያገኛቸው በዚሁ በቁስቋም ነው። ፈንጣጣ ገብቶ የቤተ ዘመዱ ልጆች ታመው ነበርና ሐኪም መሆኑን ሰምተው አስጠሩት። እርሱም የተዘጋውን በርና መስኮት አስከፍቶ፣ ቤቱን አሳጥኖ ያክም ጀመር፤ ማደሪያም በግቢው ሰጡት። ዙፋን ካጡ በኋላ የቀራቸው ሥልጣን ይህ ነበር፤ የታመመ ማስታመም፣ እንግዳ ማስተናገድ፣ ደብራቸውን መጠበቅ። በሰኔ ወር 1765 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ።

ከዚያ ወዲህ የደረሰው ብዙ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትን ወደ መቅደላ አጋዙ፤ በ1860 እንግሊዞች ከመቅደላ ወደ አገራቸው ወሰዱ። በ1880 ደርቡሾች ከተማዪቱን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ተቃጠለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ እንደገና ተሠራ። በ1972 ዓ.ም. የፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ቁስቋም አብሮ ተመዝግቧል። የእቴጌዪቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ዐፅም በአንድ ስፍራ ይገኛል፤ ኅዳር 6 ቀንም ደብሩ በሕዝብ ይሞላል። ከፈረሰው አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ወደ ታች የተመለከተ ሰው፣ የፋሲልን ግንብ በዛፎች መካከል ያየዋል።

ወጣቱ ይህን ሁሉ በጸጥታ አዳመጠ። አጎቱ ግን ሻያቸውን ጨርሰው የጠየቁን፣ ቁስቋም ላይ ሌሊት ብርዱ እንዴት እንደ ሆነ ብቻ ነበር። ጋቢ ሳይይዙ የሚወጣበት ስፍራ አለመሆኑን ነገርናቸው።