ፎቶውን ያነጣው ውኃ

ከድሬዳዋ ሐረር ስንወጣ ብዙዎቻችን የራምቦ ቤት የሚባለውን ሙዚየም አይተናል። ሰውየው የሚታወቀው በባለቅኔነቱ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ፎቶ አንሺነቱን ነው፤ በቁጠባ ገንዘብ መሣሪያ ገዝቶ ሥራ የጀመረ ሰው ታሪክ ለማኅበራችን ቅርብ ነውና።

አርተር ራምቦ በ1854 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ሻርልቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። ግጥሞቹ ዛሬ በዓለም የታወቁ ቢሆኑም ሃያ ዓመቱን ሲያልፍ መጻፉን ተወ። በ1880 መጨረሻ የአንድ ቡናና ቆዳ ነጋዴ ድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ከኤደን ሐረር ገባ። ከተማችን ያኔ ገና አልተቆረቆረችም፤ ባቡሩ የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ራምቦ ስለ ሐረርና ስለ አካባቢው ሕዝብ መጽሐፍ ለማዘጋጀት አስቦ በ1882 ካሜራና ኬሚካል ከሊዮን አዘዘ። ወጪው ከአንድ ሺህ ፍራንክ በላይ ነበር። ገንዘቡን የሚይዙለት እናቱ ነገሩን አልወደዱትም። ዕቃው እጁ የገባው በ1883 መጀመሪያ ነው።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ራሱን ያነሣቸውን ፎቶዎች ለቤተሰቡ ላከ፤ አንዱ በቤቱ ሰገነት፣ አንዱ በቡና ተክል መካከል፣ አንዱ በሙዝ ተክል አጠገብ እጁን አጣምሮ የቆመበት ነው። ሁሉም ነጥተው ነበር። ያጠበበት ውኃ መጥፎ መሆኑን ገልጾ፣ ወደፊት የተሻለ እንደሚሠራ ቃል ገባ።

ፎቶ ማሳጠብ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ምስሉ ወረቀቱ ላይ ከወጣ በኋላ ሃይፖ በሚባል ኬሚካል እንዲጸና ይደረጋል። ከዚያ ሃይፖው ራሱ በብዙ ንጹሕ ውኃ ታጥቦ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ፎቶው ውሎ አድሮ ይበልዛል፣ ይደበዝዛል። ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገርባት የድሬዳዋ ሴት ውኃ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ አስተማሪ አያስፈልጋትም።

ራምቦ ግን ተበሳጭቶ ካሜራውን አልጣለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራው እንደተቃናለት ለቤተሰቡ ጻፈ። የሐረር ሰው ሁሉ ፎቶ መነሣት ፈለገ፤ ለአንዲት ፎቶ አንድ ጊኒ እስከ መስጠት የደረሰም ነበር። የገበያውን አደባባይ፣ ቡና ሻጩን፣ የሼህ አባድርን መቃብር አነሣ። በሰውየው የሐረር ዘመን ውስጥ ደስታ የሚታይባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ እነዚህ ከነሱ መካከል ናቸው።

ደስታው አልሰነበተም። በ1884 ድርጅቱ የሐረሩን ቅርንጫፍ ዘጋ። በ1885 ራምቦ ኤደን ላይ ካሜራውን እየቆጨው ሸጠ፤ ገንዘቡን ግን አልከሰረም። ከዚያ በኋላ ወደ ጦር መሣሪያ ንግድ ገባ፤ መጽሐፉም ሳይወጣ ቀረ። በ1891 እግሩን ታሞ በቃሬዛ ከሐረር ዘይላ ወረደ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆርጦ፣ በኅዳር ወር በ37 ዓመቱ ሞተ። ከፎቶዎቹ የተረፉት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም የደበዘዙ ናቸው። ቢሆንም የያኔዋን ሐረር ዛሬም ያሳዩናል።

በማኅበራችን አንዲት እህት ለመሣሪያ ብድር ስትጠይቅ የመሣሪያውን ዋጋ አስልተን እንጨርሳለን። ከእንግዲህ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ መሣሪያው የሚሠራበት ውኃስ? ለስፌት መኪና መብራቱ፣ ለወፍጮ መለዋወጫው፣ ለዳቦ ቤት ማገዶው ማለታችን ነው። የመጀመሪያው ሥራ ነጥቶ ቢወጣም፣ ምክንያቱን ፈልጋ ለደገመች እህት ሁለተኛውን ጊዜ እንስጣት።