ኮሌስትሮልን ችሎት ያቀረበው ሩሲያዊ

ኮሌስትሮል የሚል ቃል የተጻፈበትን የላቦራቶሪ ወረቀት በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ ብዙዎች ናቸው፤ ቃሉን እዚያ ወረቀት ላይ ያሰፈረውን ሰው ስም የሚያውቁት ግን ጥቂቶች። ሕግ ተምሬ ስለ ደም ሥር መጻፌ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ከኒኮላይ አኒችኮቭ ታሪክ የሳበኝ ግን ሕክምናው ሳይሆን የማስረጃ አቀራረቡ ነው።

አኒችኮቭ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1885 በሴንት ፒተርስበርግ ነው። እዚያው በወታደራዊ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1908 ኢግናቶቭስኪ የተባለ ሐኪም ጥንቸሎችን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል መግቦ ደም ቅዳቸው ሲበላሽ አይቷል። ጥፋተኛው ፕሮቲን ነው ብሎም ደመደመ። የተያዘው ግን የተሳሳተ ተከሳሽ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1913 አኒችኮቭ ከወጣቱ ካላቶቭ ጋር ሆኖ ሥጋውንም ወተቱንም ተወና ንጹሕ ኮሌስትሮል በሱፍ ዘይት አሟሙቶ ጥንቸሎቹን መገበ። ለሌሎች ጥንቸሎች ዘይቱን ብቻ ሰጠ። ዘይት ብቻ የበሉት ደህና ሆኑ፤ ኮሌስትሮል የበሉት ደም ቅዳቸው በስብ ተለጠፈ። ዘይቱን ከክሱ ነፃ ያወጣው ይህች ሁለተኛዋ ምድብ ናት። በኛ ሙያ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ቢለመድ ስንቱ መዝገብ በተዘጋ!

አኒችኮቭ በዚህ አላበቃም። የተበላሸውን ደም ቅዳ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ያልጠበቅነውን ተጠርጣሪ አገኘ፤ ከበሽታ የሚጠብቁንን ነጭ የደም ሴሎች። ሴሎቹ ወደ ደም ቅዳው ግድግዳ ገብተው ኮሌስትሮሉን ውጠዋል፣ በስብ ጠብታ ተሞልተው አረፋ መስለዋል። ዛሬም ስማቸው የአረፋ ሴሎች ነው።

ምክንያቱ በኋላ ታወቀ። ኮሌስትሮል የተሸከመው የደም ስብ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ሲበላሽ እነዚህ ሴሎች እንደ ቆሻሻ ይለቅሙታል። ሌላ ሴል ሲበቃው በሩን ይዘጋል፤ እነዚህ ግን ለተበላሸው ስብ የከፈቱት በር ጠገብኩ አያውቅም። ይህን በር ጎልድስታይንና ብራውን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1979 ገለጹት። ሴሎቹ ሲሞቱ የዋጡትን እዚያው ይደፉታል፤ ክምችቱ ያብጣል፣ አንድ ቀን ሲፈነዳ ደም ይረጋና የልብ መንገድ ይዘጋል። ዘበኛው ራሱ ቤቱን ሞላው ማለት ነው።

ታዲያ ዓለም ለምን አልሰማውም? ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን በአይጥና በውሻ ደገሙት፤ ምንም አላገኙም። ጥንቸል እኮ ዕድሜ ልኳን ጿሚ ናት፣ ኮሌስትሮል የማታውቅ እንስሳ ሆዷን ብትሞላ ለሰው ምን ያስረዳል ተባለ። አይጥና ውሻ ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት አሲድ ቀይረው የማስወገድ አቅማቸው ከፍ ያለ መሆኑ ተዘነጋ። በእኔ እምነት የተሳሳተ ምስክር ተጠርቶ ክሱ የተዘጋበት ጉዳይ ነው። አኒችኮቭ ራሱ ኮሌስትሮል ብቻውን ጥፋተኛ ነው አላለም፤ የደም ግፊትንም ከተጠርጣሪዎቹ ጋር ቆጥሮታል።

በአገሩ ግን አልተረሳም። እ.ኤ.አ. በ1942 የስታሊንን ሽልማት ተቀበለ፤ ከ1946 እስከ 1953 የሶቪየት የሕክምና ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። ያረፈው በ1964 ነው። የመጨረሻው ማስረጃ ከሰው የተገኘው ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1994 ነበር፤ በስካንዲኔቪያ 4,444 የልብ ሕሙማን በተካፈሉበት ጥናት ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት በወሰዱት ላይ ሞት በ30 በመቶ ቀነሰ።