አላን ቱሪንግ፤ ስሕተትን ከሥራ በፊት የፈለገው ሊቅ

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ይህን ምክር በስሌት መኪና ላይ ለማዋል የደከመውን የእንግሊዛዊውን የሒሳብ ሊቅ የአላን ቱሪንግን ታሪክ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።

ቱሪንግ በ1912 ዓ.ም. በሎንዶን ተወለደ። አባቱ በህንድ አገር የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ስለ ነበር፥ ልጁ ብዙውን የሕፃንነት ዘመኑን በሰው ቤት አሳለፈ። በ1931 ዓ.ም. ካምብሪጅ ገብቶ ሒሳብ ተማረ። በ1936 ዓ.ም. ባቀረበው ጥናት፥ ለስሌት መኪና የሚሰጥ ማንኛውም ትእዛዝ ፍጻሜው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚነግር አንድ አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል አስረዳ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሌችሊ ፓርክ ሆኖ የጀርመኖችን የኤኒግማ ምስጢር ለመፍታት ከደከሙት ሊቃውንት አንዱ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ በካምብሪጅ ጉባኤ ላይ፥ ረዥም ትእዛዝ ትክክል መሆኑ እንዴት እንደሚመረመር ገለጠ። ይኸውም ጸሐፊው በየደረጃው እውነት መሆን የሚገባውን ነገር እንዲያሰፍርና መርማሪው እያንዳንዱን ለየብቻው እንዲያጣራ ነው።

ይህ አሳብ ዛሬም ይሠራበታል። ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ወደ መኪናው ቋንቋ የሚተረጕመው ኮምፓይለር ይባላል። ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለው ቋንቋ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ኮምፓይለሩ አንዳንዱን ስሌት በትርጕም ጊዜ ራሱ ይሠራዋል። በዚህ ስሌት ውስጥ ቍጥር በዜሮ ቢካፈል፥ ወይም ከተመደበለት መጠን ቢያልፍ፥ የቋንቋው ደንብ ውጤቱን ያልወሰነለት ነገር ነውና ኮምፓይለሩ ትእዛዙን አይቀበልም። ያው ስሕተት መኪናው ሥራ ከጀመረ በኋላ ቢደርስ ግን ማንም ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል። የሆነ ሆኖ ኮምፓይለሩም ሁሉን አያይም፤ የሚመረምረው ራሱ ያሰላውን ብቻ ነው። ስሌቱ ማለቂያ ያጣ እንደሆነም ለዘለዓለም እንዳይደክም፥ ክላንግ የተባለው ኮምፓይለር ሌላ ወሰን ካልተሰጠው በቀር ከ1,048,576 እርምጃ በኋላ ይተወዋል። ቱሪንግ በ1936 ዓ.ም. ያሳየው ወሰን እስከ ዛሬ አልተሻረም።

በ1952 ዓ.ም. ቱሪንግ በዘመኑ የአገሩ ሕግ ወንጀል ነው ይለው በነበረው ከወንድ ጋር በነበረው ግንኙነት ተከሶ ተፈረደበት፤ ከእስራትም ይልቅ የመድኃኒት ቅጣት ተቀበለ። በ1954 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በመርዝ ሞተ። ንግሥቲቱ ምሕረት ያደረገችለት በ2013 ዓ.ም. ነው። ስሕተት ሥራ ሳይጀመር እንዲታወቅ ለደከመው ሰው፥ በእርሱ ላይ የተሠራው ስሕተት የታረመው ከሞተ ከ59 ዓመት በኋላ መሆኑ ያሳዝነናል።