ስታንሊ ሆል፦ የሥነ ልቦና ጆርናሎች መሥራች

ግራንቪል ስታንሊ ሆል በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በአሽፊልድ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1878 በሥነ ልቦና ርእስ ባቀረቡት ጥናት ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። በ1887 ዛሬም የሚታተመውን «አሜሪካን ጆርናል ኦፍ ሳይኮሎጂ» መሠረቱ፤ በ1892 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የመሩት ክላርክ ዩኒቨርሲቲ በ1909 ፍሮይድንና ዩንግን አስተናገደ።

በ1904 ስለ ጉርምስና ባሳተሙት ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ግን አፍሪካውያንን ጨምሮ ብዙ ሕዝቦችን ገና ባልበሰለ ጎረምሳ መሰሉ። በ1910 «ጆርናል ኦፍ ሬስ ዴቨሎፕመንት» የተባለውን ሌላ ጆርናል ከባልደረባቸው ጋር አቋቋሙ። ሆል በ1924 አረፉ፤ የሕዝቦችን ደረጃ የለየው ንድፈ ሐሳባቸውም በኋለኛው ሳይንስ ውድቅ ሆነ።

ዛሬ በወላይታ ሶዶ ስለ ጉርምስና የሚያጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ በቤተ መጻሕፍት የመረጃ ቋት ቁልፍ ቃሉን ሲያስገባ፣ የሆል ሥራ ሊቀርብለት ይችላል። ጽሑፉን ማግኘት የፍለጋው እኩሌታ ነው። የታተመበትን ዘመን፣ መረጃው የተሰበሰበበትን ዘዴና በኋላ የጠቀሱት ጥናቶች የሰጡትን ፍርድ መመርመር ቀሪው እኩሌታ ነው። የመሥራቹ ዝናም ሆነ የጆርናሉ ስም ይህን ምርመራ አይተካም።