ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታና ቀለሙ

ቀለም በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት ደጋዎች ያደገ ሰው ፊደል ሳይቆጥር ቀለም ይለያል። እናቶቻችን ስንደዶውን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሐምራዊ ነክረው አለላ ያደርጉታል፤ ሞሰብና ሰፌድ ሲሰፉም የትኛው ቀለም ከየትኛው ጎን ቢውል እንደሚያምር ማንንም አይጠይቁም። ክረምቱ ሲወጣ መስኩ አደይ አበባ ለብሶ ቢጫ ይሆናል። ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚመለከት ሰው የቅርቡ ተራራ አረንጓዴ፣ የሩቁ ሰማያዊ ሆኖ ሲታየው ርቀቱን በቀለሙ ይገምታል። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስን ነጭ ፈረስና የእመቤታችንን ሰማያዊ መጎናጸፊያ ሲያይ ያድጋል፤ ጻድቁ በሙሉ ፊቱና በሁለት ዓይኑ፣ ከሓዲው ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ ብቻ እንደሚሣልም ሳያስተምሩት ያውቃል።

ይህን ሁሉ እያወቅን ሳለ ግን «ጎልጎታ» የተባለው ሥዕል ታትሞ የወጣበት መጽሐፍ በክፍላችን ውስጥ በተዘዋወረ ጊዜ አሳባችን ተለያየ። እኩሌቶቻችን ይህ ስቅለት አይደለም አልን። በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያየነው የስቅለት ሥዕል ከውጭ አገር ታትሞ የመጣ፣ መልኩ የነጣ፣ ጠጉሩ የተበጠረ፣ ቁስሉ እምብዛም የማይታይ ነበረ፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያየነውም የአባቶችን ሥርዓት የጠበቀ ነው። ይኸኛው ግን ደም በደም ነው። እኩሌቶቻችን ደግሞ ስቅለት ማለት ይኸው ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው ብለን ተከራከርን። ክርክሩ በደወል ተቋረጠ እንጂ አላለቀም። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የክብረ በዓል መጽሔት ላይ የዚህን ሥዕል ባለቤት የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሕይወትና ሥራ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አሰብን። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ሲሆኑ በብራና መጻሕፍት ላይ ሥዕል የሚሥሉ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ልጁ መጀመሪያ የገባበት የሥዕል ትምህርት ቤት የአባቱ ቤት ነው ማለት ይቻላል። በብራና ሥራ ቀለም እንዲሁ በዘፈቀደ አይፈስስም፤ ጥቁሩ ለንባቡ ሲሆን፣ ቀዩ የሚቆየው ለአርእስትና ለቅዱሳን ስም ነው። እንደዚህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ቀይ ቀለም ጌጥ ብቻ አለመሆኑን፣ ይልቁንም አንድ ነገር የሚናገር መሆኑን ከሕፃንነቱ ሳይረዳ አልቀረም ብለን እናስባለን። ገና የአራት ዓመት ያህል ልጅ ሳለ፣ በ1936፣ የኢጣልያ ጦር ሐረርን ያዘ፤ የሕፃንነቱም ዘመን በወረራው መከራ ውስጥ አለፈ።

ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ተከታትሎ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባ፤ የጀመረውም የሳይንስ ትምህርት ነበረ። ነገር ግን አልፈጸመውም፤ ለሥዕል ሲል ተወው። ይህ መጽሔት በወላጆች እጅም የሚገባ ስለ ሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት እንወዳለን። ኮሌጁ የተከፈተው በ1950 ነው፤ በዚያን ጊዜ ከበሩ የገባ ወጣት በጣት የሚቆጠር ሲሆን፣ ትምህርቱን ለጨረሰው ሰው የመንግሥት ሥራ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበረ። በሥዕል እንጀራ መብላት ግን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ላልሆነ ሰው የሚታሰብ አልነበረም፤ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንኳ ገና አልተከፈተም። እንዲህ ያለውን ነገር እኛ ቤታችን ገብተን ብንናገር ምን እንደሚጠብቀን እናውቃለን።

በ1957 የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄደ። በዚያ ምን ይጠብቀው እንደ ነበረ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1905 ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንሪ ማቲስና ጓደኞቹ በፓሪስ ከተማ ሥዕላቸውን ባሳዩ ጊዜ ከተማው ተደነቀም ተቈጣም። ማቲስ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ሥሎ ፊቷን በአረንጓዴ ቀለም ነክቶት ነበረ። አንድ ተቺ ሠዓሊዎቹን ከዱር አራዊት ጋር አመሳሰላቸው፤ ስሙም በዚያው ቀረባቸው። በዚያው ዓመት በድሬስደን ከተማ የጀርመን ወጣቶች ተሰብስበው ከዓይን ይልቅ የልብን ስሜት በቀለም ለመግለጽ ተነሡ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን እንዲህ ያለውን ሥዕል ከየሙዚየሙ አውጥተው በ1937 በሙኒክ ከተማ ሕዝብ እንዲሣለቅበት ሰቀሉት። ዮሴፍ ሃውብሪሽ የተባለ የኮሎኝ የሕግ ሰው ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹን ሰብስቦ አቈይቶ ነበረና ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1946፣ ለከተማው ሰጠ። የሐረሩ ወጣት ኮሎኝ በደረሰ ጊዜ እነዚያ የተነቀፉት ቀለሞች ተመልሰው በክብር ተሰቅለው ነበረ። ትምህርቱንም በ1961 ፈጸመ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገሩ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ መምህር ሆነ። ሥራዎቹን ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ አንዳንዱ ሰው ተደነቀ፤ አንዳንዱ ግን ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ የኢትዮጵያ ሥዕል አይደለም ሲል ነቀፈው። ነቀፋው ከንቱ ነው ብለን አናልፈውም፤ እኛም በክፍላችን ያልነው እርሱን ነበረና። ሰው፣ ቤት፣ ከብት የማይታይበት፣ ክበብና መስመር የቀለም ንጣፍም ብቻ ያለበት ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ምን ልየው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እውነቱን ለመናገር፣ ከእነዚህ ሥራዎቹ አንዳንዶቹ ለእኛም ቀዝቃዛ ሆነው ታይተውናል።

«ጎልጎታ» ግን ሌላ ነው። በ1963 የተሣለ ሲሆን ርእሱ አባቱ ከነበሩበት ከቤተ ክርስቲያን ዓለም የተወሰደ ነው። የአባቶች ሥዕል መከራውን በሥርዓትና በክብር ያሳያል፤ ገብረ ክርስቶስ ግን የተሰቀለውን ሰው ሥጋ አሳየ። የወታደሩን ጦር ወይም የሚያለቅሱትን ሴቶች አንድ በአንድ አልዘረዘረም፤ ታሪኩን ለቀዩ ቀለም ሰጠው። ከክፍላችን አንዱ ጓደኛችን መጽሐፉን ዘግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖም ቀዩ እንደሚታየው ነገረን። በብራናው ላይ ለቅዱስ ስም የሚቆየው ቀለም እዚህ ሥዕሉን በሙሉ ይዞታል፤ ስለዚህ ሠዓሊው የአባቱን ቤት ትቶ ሄደ ለሚሉት የምንመልሰው ይህን ነው፦ ወጣ እንጂ ባዶ እጁን አልወጣም።

የጎስቋሎችን ኑሮም ሥሏል። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበለ። በ1966 ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ከውጭ አገር ተመልሶ በዚያው ትምህርት ቤት ማስተማር በጀመረ ጊዜ ሁለቱ የዘመናዊው ሥዕል ምሰሶዎች ሆኑ። በዚያ ዘመን ከተማሩት ውስጥ ዘሪሁን የትም ጌታና ደስታ ሐጎስ ኋላ በአገርም በውጭም ታወቁ።

ገብረ ክርስቶስ ገጣሚም ነበረ። ሥዕሉን ያላየ ብዙ ሰው «አገሬ» የተባለውን ግጥሙን ያውቃል። ግጥሞቹ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተሰብስበው «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ ታትመዋል።

ይህን ግጥም የጻፈ ሰው አገሩን ጥሎ መሄዱ ያሳዝናል። በ1974 አብዮት ፈነዳ፤ ብዙ የተማረ ሰው በታሰረበትና በሞተበት በዚያ ዘመን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ተሰደደ። መጀመሪያ ወደሚያውቃት ወደ ጀርመን፣ ኋላም ወደ አሜሪካ ሄደ። በኦክላሆማ ግዛት ሎውተን በምትባል ከተማ፣ በ1981፣ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ።

በጀርመን አገር ከቀሩት ሥዕሎቹ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስድስት ኪሎ በስሙ የተጠራ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። እኛ እስካሁን ያየነው በወረቀት የታተመውን ብቻ ነው፤ ማተሚያ ደግሞ ቀዩን አንድ ጊዜ ያደበዝዘዋል፣ አንድ ጊዜ ያበዛዋል። ከመካከላችን ፈተናውን አልፎ አዲስ አበባ የሚገባ ቢኖር ስድስት ኪሎ ሄዶ የሠዓሊውን የእጅ ቀለም በዓይኑ አይቶ፣ ማን እንደ ተረታ በደብዳቤ እንዲያስታውቀን ተስማምተናል።