ከእጅ ማዞሪያ እስከ ሞተር፦ የፍሬድሪክ ሜይታግ ሕይወትና የልብስ ማጠቢያው ታሪክ

ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ ገጠር ሰኞ የልብስ አጠባ ቀን ነበር። ሴትዮዋ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ከጉድጓድ ውሃ ትቀዳለች፣ እሳት አንድዳ ታፈላለች። ከዚያ የባሏን የእርሻ ሱሪ፣ የልጆቹን ልብስ፣ አንሶላውን ሁሉ በተሸነሸነ ሰሌዳ ላይ በእጇ ስታሽ ትውላለች። ማሸቱ ሲያልቅ ማለቅለቅ አለ፣ መጭመቅ አለ፣ ማስጣት አለ። ማታ ወገቧ አይቀናም፣ እጇም በሳሙናና በሙቅ ውሃ ተልጦ ያቃጥላታል። በወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ እየረገጡ ላደጉ እናቶች ይህን ድካም መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ዛሬ በእስራኤል መኾናት ክቪሳ የምትባለውን ዕቃ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ጥሏት መሄድ ይቻላል። እዚህ እስክትደርስ ግን ብዙ ሰው ደክሞባታል። በአሜሪካ ከእነዚህ ሰዎች መካከል ስሙ በጣም የገነነው ፍሬድሪክ ሉዊስ ሜይታግ ነው። የሚገርመው ሰውየው መሐንዲስ አልነበረም። ማጠቢያ መሥራት የጀመረውም ለሴቶች ድካም አዝኖ ሳይሆን፣ ከመኸር በኋላ ፋብሪካው ሥራ እየፈታ ስላስቸገረው ነበር።

ሜይታግ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 ቀን 1857 በኢሊኖይ ግዛት በኤልጂን አካባቢ ነው። ቤተሰቡ ከጀርመን የመጣ ገበሬ ነበር፤ እሱም ለአሥር ልጆች ታላቅ ነው። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አዮዋ ግዛት ተሻገረ። የበኩር ልጅ ዕጣ የትም አገር ያው ነውና ከትምህርቱ ይልቅ እርሻው ላይ ቆየ። በሃያዎቹ ዕድሜው ኒውተን ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ገብቶ የእርሻ መሣሪያ መሸጥ ጀመረ። በ1882 ዲና በርግማን የምትባል ሴት አግብቶ እዚያው ጎጆ ወጣ። መሸጥ ይችልበታል። ገበሬ ሆኖ ስላደገ፣ ገበሬ አንድ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

በ1893 ከሚስቱ ወንድሞችና ጆርጅ ፓርሰንስ ከሚባል ሰው ጋር ሆኖ አንድ ፋብሪካ አቋቋሙ። የሚሠሩት ለመውቂያ ማሽን የሚገጠም ዕቃ ነበር። ቀድሞ ነዶ ወደ መውቂያው ሲገባ አንድ ሰው ቆሞ ማሰሪያውን በቢላ ይቆርጣል፣ ሌላው ደግሞ ነዶውን እየበተነ በእጁ ያጎርሳል። እጁ አብሮ የሚገባበትም ነበር። አዲሱ መሣሪያ ማሰሪያውን ራሱ ቆርጦ ነዶውን ራሱ ያጎርሳል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዕቃው ግን መጀመሪያ ላይ ይበላሽ ነበር። መኸር ደርሶ፣ ነዶው ተከምሮ፣ ዝናብ እያስፈራራ ማሽን ሲቆም ገበሬው ምን እንደሚል ለማንም ግልጽ ነው። ሜይታግ የሸጠውን ዕቃ ለመጠገን ከእርሻ እርሻ መዞር ግድ ሆነበት። በኋላ ዘመን ለጥራት ያለቅጥ ይጨነቃል ያሰኘው ነገር እዚያ ሜዳ ላይ የተማረው ይመስላል።

ከዚህ ችግር ያወጣው ሃዋርድ ስናይደር የሚባል ሠራተኛው ነው። ስናይደር እጁ የተባረከ መካኒክ ነበር። የተበላሸውን ዕቃ ፈትቶ፣ ለምን እንደተበላሸ አይቶ፣ ሁለተኛ እንዳይበላሽ አድርጎ ይገጥመዋል። ስሙን ዛሬ የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው፤ በማሽኖቹ ላይ የተጻፈው የባለቤቱ ስም ነውና። ነገር ግን ከዚህ በኋላ ከሚነገረው የማጠቢያ ታሪክ ግማሹ፣ ምናልባትም ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ የስናይደር እጅ ያለበት ነው።

የነዶ መሣሪያው ችግሩ ከተፈታ በኋላ ገበያው ደራ። ያም ሆኖ ገበሬ መሣሪያ የሚገዛው ለመኸር ብቻ ነው። መኸር ካለፈ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሜይታግ ዓመቱን ሙሉ የሚሸጥ ዕቃ ሲፈልግ ዓይኑ ልብስ ማጠቢያ ላይ አረፈ፤ ልብስ ወቅት ጠብቆ አያድፍም።

ልብስ ማጠቢያን እሱ አልፈጠረውም። ከዚያ 140 ዓመት ቀደም ብሎ በ1767 ያኮብ ሼፈር የሚባል የጀርመን ቄስ በሬገንስበርግ ከተማ በእጅ የሚዞር የእንጨት ማጠቢያ አሠርቶ ነበር። በአሜሪካም ጄምስ ኪንግ በ1851፣ ሃሚልተን ስሚዝ በ1858 በማዞሪያ የሚሠሩ ማጠቢያዎች አስመዝግበዋል። በሜይታግ ዘመን ማጠቢያ የሚሠራው ፋብሪካ ብዙ ነበር። ችግሩ ብዙዎቹ ልብሱን ወይ ይቀዱታል፣ ወይ ሳያጸዱት ይመልሱታል።

በ1907 ኒውተን ውስጥ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ማሽን እንዲህ ነበረች። ከእንጨት የተሠራ በርሜል አላት፤ የበርሜሉ ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ማሻ ሰሌዳው የተሸነሸነ ነው። ከክዳኑ ሥር እግሮቹን ወደ ታች የሰደደ በርጩማ የመሰለ እንጨት ተንጠልጥሏል። ከላይ እንደ ድሮ መኪና ማኖቬላ ያለ የእጅ ማዞሪያ ተገጥሟል። ማዞሪያው ሲዞር ክዳኑ ላይ ያሉት ጥርሳም መዘውሮች እንቅስቃሴውን ቀይረው በርጩማውን ግማሽ ዙር ወደ ቀኝ፣ ግማሽ ዙር ወደ ግራ ያመላልሱታል። የበርጩማው እግሮች ልብሱን እየያዙ በውሃው ውስጥ ይጎትቱታል፣ ከተሸነሸነው ግድግዳ ጋርም ያፋትጉታል። ስሟን ጊዜ ማሳለፊያ አሏት። ስሙን ያወጣው ሰው በሕይወቱ አንድ ሰኞ ልብስ ያጠበ አይመስልም።

እውነቱን ለመናገር የእጅ ማዞሪያ ድካሙን ከክንድ ወደ ትከሻ አዛወረው እንጂ አላስቀረውም። በውሃ የራሰ ልብስ ከባድ ነው። አንድ ሰው ቆሞ ሲያዞር ሌላ ሥራ መሥራት አይችልም፤ ብዙ ቤት ውስጥ ማዞሩ የሚጣለው ልጆች ላይ ነበር። እናም የማሻሻያው ሥራ በሙሉ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ሆነ፦ የሰውን እጅ ከዚያ ማዞሪያ ላይ እንዴት ማውረድ ይቻላል?

መጀመሪያ የመጣው መልስ ቀላል ነበር። በ1909 ማሽኗ ላይ ቺንጊያ የሚጠለፍበት መዘውር ገጠሙላት። ገበሬው ቤት ለሌላ ሥራ የተገዛ ሞተር ካለ፣ በቺንጊያ አያይዞ ያዞራታል። የዚችኛዋ ስም ቅጥር ሠራተኛ ልጅ የሚል ነበር፤ ይኼኛው ስም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያወጣው ይመስላል። በ1911 ደግሞ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ማሽን ወጣች። ግን ኤሌክትሪክ የነበረው ከተማ ነው። ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ በ1935 እንኳ ከአሥር የአሜሪካ እርሻዎች መብራት የነበረው አንዱ አካባቢ ብቻ ነበር። ሜይታግ ደግሞ ደንበኞቹን ያውቃል፤ ገበሬዎች ናቸው።

ስናይደርና ጓደኞቹ በ1915 ግድም ያወጡት መልስ ማሽኗ ሥር የምትገባ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ነበረች። በኋላ የወጡት እንደ ሞተር ብስክሌት በእግር ተረግጠው ይነሣሉ፤ ጭሱ በረጅም ተጣጣፊ ቱቦ በመስኮት ወይም በበር ይወጣል። ድምፅዋ ሰፈር ይረብሻል፤ ቢሆንም የሴትዮዋ እጅ ከማዞሪያው ላይ ወረደ። ስናይደር የልብስ መጭመቂያውንም አሻሻለው። ሁለት ጥቅል ጎማዎች ተጋጥመው ልብሱን በመሃል እያሳለፉ ውሃውን የሚጨምቁበት ዕቃ ነው። እሱ የሠራው በሞተር ኃይል ይዞራል፣ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል፤ ስለዚህ ከማጠቢያው ወደ ማለቅለቂያው ገንዳ ልብስ ተሸክሞ መመላለስ ቀረ። ይህ መጭመቂያ ታዲያ አደጋም ነበረው፤ ጣትና ጸጉር እየጎተተ ስንቱን አስጮኋል።

በዚህ ሁሉ መሃል ሜይታግ ሌላም ነገር ይሞክር ነበር። ከ1902 እስከ 1912 በአዮዋ ግዛት ምክር ቤት ሴናተር ሆኖ አገልግሏል። በ1910 ግድም አውቶሞቢል ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ ገንዘብ አፈሰሰ፤ ሳይሆንለት ቀረና ወጣ። በ1909 የኒውተኑ ኩባንያ በስሙ ተሰየመ።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና እንጨቱ ነበር። የእንጨት በርሜል ከደረቀ ይሰነጠቅና ያፈሳል፣ ከረጠበ ይሸታል፣ ሲያረጅ ደግሞ ስንጥሩ ልብስ ይይዛል። ሜይታግ በርሜሉ ከአሉሚኒየም በአንድ ወጥ ይፍሰስ አለ። ይህን ያህል ትልቅ ዕቃ በአንድ ፎርማ ማውጣት አይቻልም ብለው ብረት አቅላጮቹ መለሱለት። እሱም የራሱን ማቅለጫ አቆመ። ብዙ ገንዘብና ብዙ የተበላሸ ሙከራ ከወጣበት በኋላ በ1919 ተሳካ። ቅርጿ እንደ በርሜል ክብ ሳይሆን ማዕዘኖቿ የተለዘቡ አራት ማዕዘን ነበር። እንዳጋጣሚ የእርሻ ገበያው የወደቀው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1921 ገበሬ ለመሣሪያ የሚከፍለው አጣ፣ ኩባንያውም ከሰረ። ሜይታግ ያኔ ዕድሜው 64 ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ሸጦ ይገላገል ነበር።

ነገሩን የገለበጠው የ1922ቱ ማሽን ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ ማጠቢያዎች ልብሱን ከላይ ይዘው በውሃ ውስጥ ይጎትቱ ነበር። ስናይደር በርጩማውን ከክዳኑ ላይ አወረደውና በምትኩ ክንፍ ያለው ማማሰያ ከበርሜሉ ወለል ላይ አቆመ። ማማሰያው ግማሽ ዙር እየሄደ ሲመለስ የሚገፋው ልብሱን ሳይሆን ውሃውን ነው። ውሃው ከማዕዘኖቹ ጋር እየተጋጨ ወደ መሃል ይመለሳል፣ በጨርቁ ውስጥም እየሰረገ ያልፋል። ወንዝ ዳር ልብስ የረገጠች እናት ይህን ወዲያው ትረዳዋለች፤ ቆሻሻን የሚያወጣው ፍትጊያው ብቻ አይደለም፣ በጨርቁ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ነው። ልብስ መቀደድ፣ ቁልፍ መበጠስ፣ እጅጌ በበርጩማው እግር ላይ መጠምጠም በጣም ቀነሰ። መዘውሮቹም ከሥር ስለተገጠሙ ክዳኑ ባዶ ሆነ፤ እንደ ድስት ክዳን ከፍቶ ማየት ተቻለ።

ሽማግሌው አዲሲቱን ማሽን ይዞ ራሱ ለሽያጭ ወደ ምዕራብ ተጓዘ። የአሻሻጥ ዘዴው የእርሻ መሣሪያ ከሸጠበት ዘመን የመጣ ነበር፦ ማሽኗን ሴትዮዋ ቤት አድርሶ የሳምንቱን ልብስ እንድታጥብባት መተው። ካልወደደቻት ትመልሳት። የሚመልሱት ጥቂቶች ሆኑ። ኩባንያው የእርሻ መሣሪያ መሥራቱን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ማጠቢያ ዞረ፤ ከብዙዎች አንዱ የነበረው ስም በጥቂት ዓመት ውስጥ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። በ1927 አንድ ሚሊዮንኛዋ ማሽን ከፋብሪካው ወጣች። ኒውተን በዚህ ፋብሪካ እንጀራ የምታድር ከተማ ሆነች፤ ሜይታግም ከንቲባዋ ሆኖ ነበር፣ የመዋኛ ገንዳ ያለው መናፈሻም አሠርቶላታል።

ፍሬድሪክ ሜይታግ በመጋቢት 1937 በካሊፎርኒያ አርፎ ኒውተን ተቀበረ። ከሞተ በዓመቱ፣ ልጁ ኩባንያውን በሚመራበት ጊዜ፣ ሠራተኛው ደመወዝ ሊቀነስበት ነው ብሎ ሥራ አቆመና ወታደር እስኪገባ የደረሰ ጠብ ተነሣ። ፋብሪካው ግን ሥራውን ቀጠለ፤ የተዘጋው ኩባንያው ለሌላ ድርጅት ከተሸጠ በኋላ በ2007 ነው።

ባለ መጭመቂያዋ ማሽን በሌላው ዓለም ቤቶች አውቶማቲክ ከገባ በኋላም እስከ 1983 ድረስ ኒውተን ውስጥ ትሠራ ነበር። ከዋና ገዢዎቿ መካከል ከኤሌክትሪክ መስመር መያያዝን እምነታቸው የማይፈቅድላቸው አሚሽ የሚባሉት ገበሬዎች ይገኙበታል። በፔንሲልቬንያና በኦሃዮ መንደሮቻቸው ያቺ አራት ማዕዘን የአሉሚኒየም ገንዳ በትንሽ ሞተር እየተዞረች ዛሬም ሰኞ ሰኞ ልብስ ታጥባለች።