ምላሳቸው የታሰረው መምህር፦ ኢማም አል-ገዛሊ በባግዳድ



ፋይናል ሲቃረብ በየዶርሙ የምናውቀው ነገር አለ። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ክፍል ለመግባት እግሩ የከበደው ጓደኛችን እንደምንም ደፍሮ ጭንቀቱን ሲያዋየን፣ የኢማን ድክመት ነው ብለን እናልፈዋለን። ከዚያ በኋላ ደግሞ አያዋየንም። ለዚህ እትም የኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊን (ረሒመሁላህ) ሕይወት የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው። ሑጀቱል ኢስላም የተባሉት እኚህ ዓሊም ጭንቀት አካላቸውን እስኪጥለው ድረስ ደርሶባቸዋል፤ ታሪኩንም አል-ሙንቂዝ ሚነ-ደላል በተባለው ኪታባቸው ራሳቸው ሳይደብቁ ጽፈውታል።

የተወለዱት በ450 ዓ.ሂ. (1058 እ.ኤ.አ.) ገደማ፣ ዛሬ በሰሜን ምሥራቅ ኢራን በምትገኘው ጡስ ነው። አባታቸው ሲሞቱ እርሳቸውንና ወንድማቸውን አሕመድን ከጥቂት ገንዘብ ጋር ለአንድ ሷሊሕ ወዳጃቸው በአደራ ሰጡ። ገንዘቡ ሲያልቅ ባለአደራው ምግብ ለደረሳ የሚሰጥበት መድረሳ እንዲገቡ መከራቸው። መጀመሪያ ወደ ዒልም የወሰዳቸው እንጀራ ነበር ማለት ነው። የካፌ ተጠቃሚ ለሆንን ለእኛ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም።

ከጡስ ወደ ጁርጃን፣ በኋላም ወደ ነይሳቡር ሄደው ከኢማሙል ሐረመይን አል-ጁወይኒ ዘንድ ቀሩ። የወሎ ደረሳ ሸይኽ ፍለጋ ከአገር አገር እንደሚዞረው መሆኑ ነው። መምህራቸው በ478 ዓ.ሂ. ሲሞቱ ወደ ታላቁ ወዚር ኒዛሙል ሙልክ ዘንድ ተጓዙ፤ በ484 ዓ.ሂ. (1091 እ.ኤ.አ.) ወዚሩ የባግዳድ ኒዛሚያ መድረሳ መምህር አድርገው ሾሟቸው። ገና 34 ዓመት ገደማቸው ነበር።

በባግዳድ የነበረባቸውን ጫና ቆም ብለን እንየው። 300 ያህል ተማሪዎች ያስተምራሉ፣ ኪታብ ይጽፋሉ፤ ከዚህ በሚተርፋቸው ሰዓት ደግሞ የፈላስፎችን መጻሕፍት ያለ መምህር ብቻቸውን ያነባሉ። በዚያ ላይ ከተማው አልተረጋጋም። ወዚሩ በ485 ዓ.ሂ. ተገደሉ፣ ሱልጣን መሊክ ሻህም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ኸሊፋው አረፉ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ኢማሙ ኋላ ከባግዳድ የወጡት ወዚሩን የገደሉትን ባጢኒያዎች ፈርተው ነው ይላሉ። በእነርሱ ላይ ኪታብ ጽፈው ስለነበር ስጋቱ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ራሳቸው የጻፉት ምክንያት ይበልጥ ያሳምነናል፤ ኒያቸውን መርምረው፣ የሚያስተምሩት ለአላህ ሳይሆን ለዝናና ለክብር ሆኖ አገኙት።

ከረጀብ 488 ዓ.ሂ. (1095 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለስድስት ወር ያህል ሲዋልሉ ቆዩ። ጠዋት ሁሉን ጥለው ሊወጡ ይወስናሉ፣ ማታ ውሳኔው ይፈርሳል። አንድ እግራቸው ወደፊት ሲል ሌላው ወደኋላ ይላል። በመጨረሻ ጉዳዩ ከእጃቸው ወጣ፤ ምላሳቸው ታሰረ። የሚመጡትን ሰዎች ላለማሳዘን አንድ ቀን እንኳ ለማስተማር ራሳቸውን አስገድደው ነበር፣ አንዲት ቃል ግን አልወጣቸውም። ከዚያ ሐዘኑ ወደ ሆድ ወረደ፤ ውኃ አይወርድላቸው፣ ጉርሻ አይፈጭላቸው፤ አቅማቸው አለቀ። ያዩአቸው ሐኪሞችም ሕመሙ ከቀልብ ተነሥቶ ወደ አካል የወረደ ስለሆነ፣ ውስጣቸው ካላረፈ መድኃኒት እንደማይሠራላቸው ተናግረው ተስፋ ቆረጡ። ዛሬ የግቢ ክሊኒክ ሄዶ ጭንቀት አለብኝ ማለት የሚያሳፍረን ሰዎች ይህን ቦታ ሁለት ጊዜ ብናነበው ጥሩ ነው።

ያኔ ኢማሙ አቅም እንዳጣ ሰው ወደ አላህ ተጠጉ፤ ሥልጣኑን፣ ገንዘቡንና ወዳጅ ዘመዱን መተው በቀልባቸው ላይ ቀለለላቸው። ሲወጡ ግን በደመ ነፍስ አልወጡም። ለልጆቻቸው የሚበቃውን አስቀርተው የተረፈውን ገንዘብ ሰጡ። ማስተማሩን ወንድማቸው አሕመድ ተካቸው። ከተማው እንዳያስቀራቸውም ወደ መካ እንደሚሄዱ ነገሩ፤ በልባቸው የነበረው ግን ሻም ነበር። (ይህችን ትንሽ ማምለጫ እንኳ በኪታባቸው አልሸሸጓትም።)

በደማስቆ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዒባዳና በብቸኝነት ቆዩ፤ በኡመውያ መስጂድ ሚናራ ላይ በሩን በራሳቸው ላይ ዘግተው ይውሉ ነበር። ወደ በይተል መቅዲስ ሄዱ፣ ሐጅ አደረጉ። ኢሕያኡ ዑሉሚ-ዲን የተባለው ታላቁ ኪታባቸው የእነዚህ የስደትና የብቸኝነት ዓመታት ፍሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ጭንቀት አልነካቸውም ብለን ብንጽፍ ግን እንዋሻለን። የልጆቻቸው ናፍቆት ወደ አገራቸው መለሳቸው። በዚያም የቤተሰብ ጉዳይ፣ የኑሮ ጥያቄና የዘመኑ ክስተት ብቸኝነታቸውን ያናጋባቸው እንደነበር፣ ጥርት ያለ ጊዜ የሚያገኙትም አልፎ አልፎ ብቻ እንደነበር ጽፈዋል። እንቅፋቱ ሲገፋቸው ግን ተስፋ ሳይቆርጡ ይመለሱ ነበር። እኛን ከሁሉ ይበልጥ የነካን ከባግዳዱ ውድቀት ይልቅ ይህ ነው።

በ499 ዓ.ሂ. (1106 እ.ኤ.አ.)፣ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በነይሳቡር ኒዛሚያ እንደገና ለማስተማር ተቀመጡ። ሥራው ያው ማስተማር ነው፤ ድሮ ክብር የሚያስገኘውን ዕውቀት እንዳስተማሩ፣ አሁን ግን ክብርን የሚያስተወውን እንደሚያስተምሩ ይናገራሉ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ጡስ ተመልሰው ከቤታቸው አጠገብ ለደረሶች መድረሳ፣ ለሱፊዮች ደግሞ ማረፊያ ሠሩ። በጁማደል ኣኺራ 505 ዓ.ሂ. (ታኅሣሥ 1111 እ.ኤ.አ.) እስኪያርፉ ድረስ በነበሩት የመጨረሻ ጊዜያት ደግሞ፣ ብዙም ያልተማሩትን ሐዲስ ለመማር የቡኻሪንና የሙስሊምን ኪታብ ይዘው እንደ ደረሳ ተቀምጠው ነበር።